ዳገት ላይ የሚከዳው ካቴና

አንድ ሰው ብስክሌቱን ደጃፉ ላይ ገልብጦ ፔዳሉን በእጁ ያሽከረክራል። ካቴናው ውልፍት ሳይል ይዞራል። ማርሹን ይቀይረዋል፤ ይቀየራል። ይመልሰዋል፤ ይመለሳል። እንከን አይወጣለትም። የሰውዬው ፊት ግን ጠቁሯል። ለምን ይመስላችኋል?

ይህ ሰው ኤርሲዶ ይባላል። ሆሳዕና የሚኖር ልብስ ሰፊ ነው። ሚስቱን ዘነበችን በሽታ እግሮቿን ከነሣት ወዲህ እንኳ ቤት አላስቀራትም። ባለ ሁለት ጎማ መቀመጫ አስበየደና ከብስክሌቱ ኋላ አያያዘው። ገበያ ይወስዳታል፤ ለቅሶ ያደርሳታል፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ጸሎት ቤት። ጸሎት ቤቱ ያለው ዳገት አናት ላይ ነው።

አንድ እሑድ ዳገቱን እያጋመሱ ሳለ ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ከዳው። ቀጭ! ካቴናው ተንሸራተተ። ብስክሌቱ ወደ ኋላ መንከባለል ጀመረ። ከኋላቸው የጭነት መኪና እያቃሰተ ይወጣል። ኤርሲዶ ፍሬኑን ጨምድዶ ያዘ፤ እግሩን አፈር ላይ ተከለ። መኪናው ከዘነበች መቀመጫ አጠገብ ደርሶ ቆመ። እጇን ብትዘረጋ ትነካው ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን ያላደረገው ነገር አለ? ካቴናውን በአዲስ ቀየረ። የማርሹን ገመድ አጠበቀ፣ አላላ፣ እንደገና አጠበቀ። ዘይት ቀባ። ብቻውን ነድቶ ሞከረው፤ ደህና ነው። ጠጋኝ ዘንድ ወሰደው፤ ጠጋኙም አደባባዩን ዞሮበት መጣና «ጋሼ፣ ምንም የለውም» አለው። እሑድ መጥቶ ዘነበችን ጭኖ ዳገቱን ሲጀምር ግን፣ ቀጭ!

በማግስቱ ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ተቀመጠ። «ዘነቡ፣ ዳገቱ ይቅርብን። ብትወድቂብኝስ?»

ዘነበች በሩን አየች። ዳገቱ ቀረ ማለት ለእሷ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። በሩ ተዘጋ ማለት ነው።

«ሞክረኸው ነበር?» አለችው።

«ስንት ጊዜ!»

«ማንን ጭነህ?»

«ማንንም። ምን ነክቶኝ ነው አንቺን ጭኜ የምሞክረው?»

«ታዲያ ባዶውን ምን ከብዶት ይንሸራተታል? እኔን ጫን። አንተ የምታየው መንገዱን ነው፤ ካቴናው ያለው እኔ ፊት ነው።»

ወጡ። ሁለት ጎረቤቶች መቀመጫውን ከኋላ ደግፈው ያዙላቸው። ኤርሲዶ የዳገቱን መጀመሪያ በዝግታ ረገጠ። ዘነበች ጎንበስ ብላ ዓይኗን ካቴናው ላይ ጣለች።

«ቁም! አየሁት! ካቴናው የማርሹ ጥርስ ላይ እየወጣ ነው፤ አይነክስም። ትልቁ ላይ ነው፤ ዳገት የምንወጣበት ላይ!»

ኤርሲዶ ወርዶ ተንበረከከ። ጥቁሩን ቅባት በጨርቅ ጠረገው። የሌሎቹ ማርሾች ጥርስ ደንደን ብሎ ቆሟል፤ የዚያ የአንዱ ግን እንደ እሾህ ሾሏል። አልቋል። ጭነት ሲከብደው አዲሱን ካቴና መጨበጥ አቅቶታል። ባዶውን ሲሆንማ ምን ያስታውቅበታል?

«እንዴት ሳላየው!» ብሎ አፈረ።

ዘነበች ግን እጇን ዘርግታ የተበላውን ብረት ዳሰሰችው። ቀስ ብላ፣ እንደ ሕፃን ጣት ዳሰሰችው። «ኤርሲዶ» አለች፣ «ይሄ እኮ ያለቀው እኔን ስታወጣ ነው።»

  ኤርሲዶ የወጣውን ያን ሁሉ ዳገት ማንም አይቶለት አያውቅም፤ እሱም ራሱ ቁም ነገር ብሎት አያውቅም። ብረቱ ግን ይዞታል። ብረት ነው እኮ ያለቀው ወገኖቼ! ሚስቱን ለጸሎት ሲያወጣ ብረት አለቀ! ያ ልብስ ሰፊ መንገድ ዳር እንደተንበረከከ ቆቡን አወለቀ።

የኋላውን ማርሽ እንዳለ ቀየረው። በሚቀጥለው እሑድ ያ የከዳው ቦታ ሲደርስ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ ባለው ኃይል ሁሉ ረገጠ። «ያዘ!» አለች ዘነበች ከኋላው። «ያዘ፣ ያዘ፣ ንዳው!»

እንግዲህ እናንተስ? ብቻችሁን ስትሆኑ ትዕግሥታችሁ ሙሉ ነው። ማንም ሳይነካችሁ ፍቅራችሁ እንከን የለውም። «ምንም የለብኝም» ትላላችሁ፤ እውነታችሁን ነው፣ ባዶ ናችሁ እኮ! ጭነት ሲመጣስ? የታመመ ሲመጣ፣ ያረጀ ሲመጣ፣ የሚያስቸግር ሲመጣ የትኛው ጥርሳችሁ ነው የማይነክሰው?

ደግሞም ስሙኝ። ቤታችሁ ውስጥ ሸክም ያላችሁት ሰው የለም? እናንተ መንገድ መንገዱን ስታዩ፣ እግዚአብሔር ድካማችሁ ፊት ለፊት ያስቀመጠው እሱን ቢሆንስ? ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

ሰው ስታወጡ ስታወርዱ ያለቃችሁም እዚህ አላችሁ። ማን አየኝ አትበሉ። እግዚአብሔር ያለቀውን በእጁ ይዳስሰዋል።

ዛሬ ቤት ስትገቡ እንጀራው ይቆይ። መጀመሪያ ሸክም ካላችሁት ሰው አጠገብ ተቀመጡና «እኔ ላይ ምን ታያለህ?» በሉት። እስኪጨርስም አትነሡ።