ጎተራ ውስጥ የገባው ጋቢ

«ጋሼ፣ እህቴ ከፋርማሲ የገዛችልኝን የቫይታሚን እንክብል ከካንሰር መድኃኒቴ፣ ከኬሞው ጋር ብውጠው ምን ይጎዳኛል?» ስትል ዘውድነሽ ጠየቀች። ጡረታ የወጡት የጤና ረዳት ጋሽ ይርዳው እንዲህ መለሱላት፦

ገበሬ ነበር፣ አንድ ምስኪን ገበሬ። ለዘር ያስቀመጠው ማሽላ ነቀዘበት። ጆሮውን ጎተራው ላይ ሲያስጠጋ ነቀዙ ሲንኮሻኮሽ ይሰማዋል። ያ ማሽላ ካለቀ የሚዘራው የለውም፤ ልጆቹን ይዞ መሰደዱ ነው።

ጎተራ በማጠን የታወቁ አንዲት አሮጊት መጡለት። በርበሬ የተነሰነሰበት ፍም በገል አድርገው ከማሽላው በላይ አንጠለጠሉና ጎተራውን ከደኑት። ሦስት ቀን ይታጠን አሉ። ጭሱ አይጣል ነው! ቤተሰቡ በሳል ተንፈራፈረ፣ ዶሮዎቹ እንኳ ግቢውን ጥለው ሄዱ። የሚስቱ ወንድም ይህን አይቶ አንጀቱ አልቻለም። «ይሄ ጭስ እኮ ዘሩንም ይፈጀዋል» አለና ክዳኑን ከፍቶ አዲሱን ጋቢውን ደራርቦ ማሽላውን አለበሰው፤ መልሶም ከደነው። ገበሬው እንባው መጣ። ወንድም ማለት ይኼ ነው አለ በልቡ።

በማግስቱ ጆሮውን አስጠጋ። ነቀዙ እንደ ልቡ ይንኮሻኮሻል። ጋቢውን ጠረጠረ፤ ግን አማቹን ማስቀየም ፈራ፣ አሮጊቷንም አፈረ። ከራሱ ጋር ሲሟገት ዋለና በመጨረሻ ሄዶ ነገራቸው።

አሮጊቷ አልተቆጡም። «ልጄ፣ ጋቢው ዘሩን ሲከልል ነቀዙንም ከለለልህ። ጭሱ ጥቂት ዘር እንደሚጎዳ አውቃለሁ፤ ለክቼ ነው የምለቀው። እንኳን ነገርከኝ» አሉት። ጋቢውን አውጥተው እንደገና አጠኑ። ጎተራው ጸጥ አለ። ጥቂቱ ዘር ተበላሸ፣ የቀረው ግን በቀለ። ገበሬው ጋቢውን አጥቦ ለአማቹ ሲመልስ ትከሻውን ስሞ አመሰገነው፤ ምስጋናው ከልቡ ነበር።

አየሽ ዘውድዬ፣ አንዳንዱ የኬሞ መድኃኒት ዕጢውን የሚገድለው እንደዚያ ጭስ አንገብግቦ ነው። እንክብሉ ሰውነትሽን ልጠብቅ ብሎ ዕጢውንም ሊጠብቀው ይችላል። ሁልጊዜ እንዲህ ይሆናል አልልሽም፤ ሐኪሞቹም ገና እያጣሩት ነው። ጎመንሽንና ብርቱካንሽን ብዪ። የእንክብሉን ጠርሙስ ግን ሳትከፍቺው ይዘሽ ሂጂና ለሐኪምሽ አሳዪ፤ አትፈሪ፣ አትደብቂ። ለእህትሽ ደግሞ ዛሬውኑ ደውይና አመስግኛት። እንክብሉን ባትውጪውም፣ ያሰበችልሽ ደርሶሻል።