ሽኮኮና ድብ ከሜፕል ዛፍ ሥር

ተረት ተረት፣ የጣፋጭ ጅረት።

በረዶ በሚበዛበት አገር፣ ብርዱ ሊወጣ ሲል፣ እመት ድብ ከሁለት ልጆቿ ጋር ከዋሻዋ ወጣች። ወራት ሙሉ ምግብ አልቀመሱም ነበር። ጭራ ረጅሟን ሽኮኮ ሜፕል በሚባል ዛፍ ላይ አገኟት። ሽኮኮ ቅርፊቱን በጥርሷ ነክሳው ስለነበር ጠል የመሰለ ፈሳሽ ይንጠባጠብ ነበር። ሽኮኮ «ጣፋጭ ይወጣዋል» ብትላት፣ እመት ድብ ቀመሰችና ተፋችው።

«ይኼማ ውሃ ነው! ልጆቼ በረሃብ ሊያልቁብኝ ነው፤ ጣፋጩ ከውስጥ ከሆነ ግንዱን ሰንጥቄ አወጣዋለሁ» ብላ ጥፍሯን አነሳች።

«ተይ፣ እመት ድብ» አለች ሽኮኮ። «ፀሐይ ውሃውን እስክትጠጣው ታገሺ። እኔም እናቴም የኖርነው እንዲህ ነው።»

ዛፉም «ከእሷ ንክሻ እድናለሁ፤ ከጥፍርሽ ግን አልድንም» አላት።

እመት ድብ ልጆቿን አየች፤ ዛፉንም አየች። ከዚያ ጥፍሯን ሰብስባ ተቀመጠች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቅርፊቱ ላይ እንደ ማር የወዛ ነገር ረግቶ ቀረ። ልጆቿ ደጋግመው ላሱት። እሷም ላሰችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ይኼን ሁሉ ዘመን ጀርባዬን ብቻ ስታከክብህ ኖርኩ!» አለችው ዛፉን።

በዓመቱ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ እመት ድብና ልጆቿ እጃቸውን አጣጥፈው ከዛፉ ሥር ፀሐይ ሲጠብቁ ታዩ።

ተረቴን ጨረስኩ፣ ጣዕሙን ለእናንተ ተውኩ።