ለጓሳ የተገዛ ቦርሳ

አንድ ቀን አቶ ደምመላሽ ፎቶ ቤቴ መጡና «ምትኩ፣ ተራራ መውጣት ትችላለህ?» አሉኝ። እኔ በዚያን ጊዜ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ጉርድ ፎቶ የማነሳ ሰው ነኝ። ሥራዬ ሰውን በርጩማ ላይ አስቀምጦ «አገጭዎን ትንሽ ዝቅ» ማለት ነው። በሳምንት የምወጣው ትልቁ ዳገት ከታክሲ ማቆሚያው እስከ ቤቴ ያለው ነበር፤ እሱንም መሐል ላይ አረፍ ብዬ ነው የምጨርሰው። ቢሆንም «ተራራ ነው ያሳደገኝ» አልኳቸው። ያሳደገኝ ሳሪስ ነው።

አቶ ደምመላሽ የአስጎብኚ ድርጅት አላቸው። ጨዋታ አዋቂ ናቸው፣ ሰው ያከብራሉ፣ ገብጋባነታቸው ግን በሠፈሩ የታወቀ ነው። ሻይ ሲጋብዙ አንዷን የሻይ ቅጠል ከረጢት ለእንግዳው፣ ለራሳቸውና ለሾፌራቸው ያዳርሷታል። መኪናቸውን ቁልቁለት ላይ የሚያስነዷት ሞተር አስጠፍተው ነው። እኔንም የመረጡኝ ከሁሉ ስለበለጥኩ ሳይሆን ከሁሉ ስለረከስኩ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንዳችንም አላነሳነውም።

«ጡረታ የወጡ አንድ ዳኛና ባለቤታቸው የመንዝን ጓሳ በእግራቸው ሊያዩ ነው፤ እኔው እወስዳቸዋለሁ» አሉኝ። «አንተ አብረኸን ትሄድና ቀይ ቀበሮ ታመጣልኛለህ። በዓመቱ የቀን መቁጠሪያ ሽፋን ላይ አወጣዋለሁ፤ ከሥሩ ስምህ ይጻፋል። ከተሳካልህ ቋሚ ሠራተኛዬ ነህ።»

ስሜ በየሰው ግድግዳ ላይ ዓመቱን ሙሉ ተሰቅሎ ታየኝ። ከዚያ በኋላ የተናገሩትን በደንብ አልሰማሁም።

አንድ ችግር ነበር፤ ቦርሳ የለኝም። ካሜራዬ የሚኖረው በሚስቴ በዘርፌ አሮጌ ሹራብ ተጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ዕለት ከዘርፌ ጋር ቦርሳ ልንመርጥ ወጣን። ባለሱቁ ሁለት አወረደልን። አንዷ ትንሽ ናት፤ ደረት ላይ ትንጠለጠላለች፣ ካሜራ፣ አንድ ትርፍ ሌንስና ባትሪ ትይዛለች። ሁለተኛው ቆሞ ወገቤ ይደርሳል። ደረት ላይ የሚታሰር፣ ወገብ ላይ የሚታሰር፣ እንዲሁም የት እንደሚታሰሩ ባለሱቁም የማያውቃቸው ማሰሪያዎች አሉት።

ዘርፌ ትንሿን አንገቴ ላይ አንጠለጠለችና ራቅ ብላ አየችኝ። «ይቺ ትሻልሃለች። ስትሄድ ካሜራው እጅህ ሥር ነው፤ ዚፑን ሳብ ማድረግ ብቻ ነው።»

«ይቺማ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ታስመስለኛለች» አልኳት።

ባለሱቁ ያን ጊዜ ድክመቴ ገባው። «ወንድሜ፣ ለረጅም መንገድ ከሆነ የባለሙያ ቦርሳ ይሄ ነው» ብሎ ትልቁን ጀርባዬ ላይ አወጣው።

«ካሜራው በየት በኩል ነው የሚወጣው?» ብላ ጠየቀችው ዘርፌ።

«በጀርባ በኩል ነው እህቴ። ሌባ እንዳይከፍተው።»

«እሱ ጀርባው ላይ አዝሎት በምን ይከፍተዋል?»

«አውርዶ፣ መሬት ላይ አስተኝቶ ነው።»

«ቀበሮውስ እስኪያስተኛው ይጠብቀዋል?»

እኔ መስታወቱን እያየሁ ነበር። መስታወቱ ውስጥ የቆመው ሰው በረዶ ላይ ያደረ፣ ገደል የተሻገረ እንጂ ጉርድ ፎቶ አንሺ አይመስልም። ወደ ጎን ዞር ስል የመደርደሪያውን ጃንጥላዎች በቦርሳው ጠርጌ ጣልኳቸው። እሱም ደስ አለኝ። ገዛሁት።

ቤት ስንደርስ ካሜራዬንና ያለችኝን አንዲት ሌንስ ከተትኩ። ቦርሳው መግባታቸውንም ያወቀ አልመሰለኝም። ጎኑ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ሲያሳፍረኝ ጊዜ የአልጋችንን አንድ ትራስ ጨመርኩበት። ዘርፌ መጥታ የቀረውን ትራስ ወደ እሷ በኩል ሳበችው።

መሐል ሜዳ ከተማ ስንደርስ መንገድ መሪያችን አንድ በቅሎ ይዞ ጠበቀን። ድንኳኖቹና ስንቁ ሲጫኑ በቅሎዋ ሞላች። «ጌታዬ፣ ሌላ በቅሎ ብንጨምር ይሻላል» አላቸው አቶ ደምመላሽን። እሳቸው ወደ በቅሎዋ ሳይሆን ወደ እኔ አዩ። ቀርበው ቦርሳዬን በጣታቸው ተጫኑት፤ ትራሱ ገባ ብሎ ተመለሰ።

«ቦታ አለው እንዴ?» አሉኝ።

እዚህ ላይ «የለውም» የሚል ሰው ብልህ ነው። ዳኛውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ትርንጎ ግን አጠገባችን ቆመው እየሰሙ ነበር፤ እኔንም ስለ ቦርሳዬ የጠየቁኝ የመጀመሪያው ሰው አቶ ደምመላሽ ናቸው። «አቶ ደምመላሽ፣ ይሄ እኮ ቤት ነው» አልኳቸው። «የማይገባበት ነገር የለም።»

አቶ ደምመላሽ መሞከር ጀመሩ። መጀመሪያ ብርድ ልብሳቸውን ከተቱ። ቀጥለው ትርፍ ጫማቸውን። ቀጥለው በቅሎ ላይ ተጭና እንዳትጎዳባቸው የሳሱላትን የሸክላ ድስት፣ ከነክዳኗ። ትራሴ ቦታ ያዘ ተባለና ወጥቶ በቅሎዋ ላይ ታሰረ፤ ማታ ማታ እሳቸው ተኙበት። ካሜራዬ ከታች ቀረ። ሁለተኛዋ በቅሎም ቀረች።

ጉዞ ጀመርን። የጓሳ አየር ቀጭን ነው ይላሉ፤ እኔ ግን ቀጭኑንም አላገኘሁትም። ደረቴ ላይ ያሰርኩት ማሰሪያ ትንፋሼን ሲይዝ፣ የወገቡ ሱሪዬን ቁልቁል ይገፋዋል። አንዱን ሳላላ ሌላው ይጠብቃል። ዳኛው ከሰባ ዓመት በላይ የሆኑ ሰው ናቸው፤ ዱላቸውን እየተደገፉ፣ ስለ ሣሩ ከመንገድ መሪው ጋር እየተጨዋወቱ፣ በዝግታ አልፈውኝ ሄዱ። ወይዘሮ ትርንጎም ሲያልፉኝ ቆሎ ቆንጥረው እጄ ላይ አደረጉልኝ።

«ልጄ፣ እንዲህ የሚያጎብጥህ ምን ይዘህ ነው?»

«የሙያ ዕቃ ነው፣ እትዬ።»

«አይ ሙያ» አሉና አዝነውልኝ ሄዱ።

ብርድ ልብስና ድስት ነው ብል ኖሮ ያን ጊዜውኑ ያስወርዱልኝ ነበር። ግን መስታወቱ ውስጥ ያየሁት ያ ሰው በጭራሽ አይልም። ሁለት ቀን እንዲህ ሄድን። ጭላዳ ዝንጀሮዎች በመንጋ አጠገባችን ሣር ሲነጩ አለፍናቸው፤ ካሜራውን ለማውጣት ቦርሳውን ማውረድ፣ ካወረድኩ ደግሞ መልሶ ማዘል አለ፤ ስለዚህ «ጭላዳ የትም ይገኛል፣ እኔ የመጣሁት ለቀበሮ ነው» እያልኩ እራሴን አጽናናሁ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጭጋጉ ሲገለጥ መንገድ መሪው እጁን አነሳና ሁላችንም ቆምን። ቀበሮው ነበር። ቀይ፣ እግረ ረጅም፣ ጅራቱ ጥቁር፤ ከፊታችን ሣሩ መሐል የፍልፈል ጉድጓድ ላይ አፍንጫውን ደፍቶ ያደምጣል። ወይዘሮ ትርንጎ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አቶ ደምመላሽ በዓይናቸው «በል እንጂ» አሉኝ።

የደረቱን ፈታሁ፣ የወገቡን ፈታሁ፣ ቦርሳውን አወረድኩ፣ አስተኛሁት፣ ከፈትኩት። ብርድ ልብሱን አወጣሁ። ቀበሮው አሁንም ያደምጣል። ጫማዎቹን አወጣሁ። ቀበሮው አሁንም አለ። ድስቷን ሳወጣ ክዳኗ ተንሸራቶ ድንጋይ ላይ ኳ አለ።

ቀበሮው ቀና አለ። አልሸሸም፤ ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ፍልፈሉን ትቶ እኔን ያየኝ ጀመር። መጀመሪያ ድስቷን፣ ከዚያ ጫማውን፣ ከዚያ እጄን እስከ ብብቴ ድረስ ቦርሳው ውስጥ ከትቼ ስፈልግ። ቀጥሎ ምን እንደማወጣ ማወቅ የፈለገ ይመስላል። ካሜራውን አግኝቼ፣ የሌንሱን ክዳን ነቅዬ ዓይኔ ላይ ሳደርገው ግን ትዕግሥቱ አልቆ ኖሯል፤ ፎቶው ላይ የቀረው የጓሳ ሣር ነው። ሣሩ በጣም ጥርት ብሎ ወጥቷል።

ለረፍት ተቀምጠን ሻይ ጣድን። ሻዩ ሲቀዳ አቶ ደምመላሽ መቻል አቃታቸው።

«ክቡር ዳኛ፣ እርስዎ ይፍረዱኝ» አሉ። «ይሄን ሰው ፎቶ አንሺ ብዬ ይዤው መጣሁ። እያበላሁ፣ እያጠጣሁ። ቀበሮው እንደ ሙሽራ ቆሞ ሲጠብቀው እሱ ዕቃ ይዘረግፋል። እንግዶቼ ፊት አዋረደኝ። ከተነሳን ጀምሮ ምንም አላነሳም።»

እውነታቸውን ነበር፤ ስለዚህ አንገቴን ደፋሁ። የቀን መቁጠሪያው፣ ስሜ፣ ቋሚ ሥራው፣ ሁሉም ከቀበሮው ጋር ሣሩ ውስጥ ሲገቡ ታየኝ። ለዘርፌ ምን እንደምላት ማሰብ ጀምሬ ነበር።

ዳኛው ብርጭቆአቸውን ድንጋይ ላይ አስቀመጡ። ጡረታ ወጥተዋል እንጂ ድምፃቸው ገና ከችሎቱ አልወረደም። «ደምመላሽ፣ ተከሳሽ ሳይሰማ አይፈረድም» አሉ። «ምትኩ፣ ተነስ። ክሱን ሰምተሃል። ከተነሳን ጀምሮ ምንም አላነሳህም ነው የሚሉህ። ምን ትላለህ?»

ተነሳሁ። ስለ ጭጋጉ ላወራ ነበር፤ ስለ ብርሃኑም አንድ ሁለት ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ነገር ግን ቀጥ ብዬ ስቆም ወገቤ ሲጥ አለና ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ።

«ክሱን አልቀበልም፣ ክቡር ዳኛ» አልኩ። «ብዙ አንስቻለሁ።»

«ምን ምን አነሳህ?»

«በየማረፊያው የአቶ ደምመላሽን ብርድ ልብስ አንስቻለሁ። ትርፍ ጫማቸውን፣ ግራውንም ቀኙንም አንስቻለሁ። ድስታቸውን ከነክዳኗ አንስቻለሁ። ያላነሳሁት ቀበሮውን ብቻ ነው፤ እሱም ቦርሳው ሞልቶ ቦታ ስላልተረፈለት ነው።»

መጀመሪያ የሳቁት ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው፤ ሻያቸው ቀሚሳቸው ላይ እስኪፈስ ድረስ። «የሙያ ዕቃ ያልከኝ ድስቱን ነው?» ሲሉኝ እኔም ሳቅሁ። ዳኛው ሳይስቁ ፍርዳቸውን ሰጡ፦ ከሳሽ ሁለተኛ በቅሎ እንዲያስመጣ፣ በቅሎዋ እስክትመጣ ድረስ ድስቱን ራሱ እንዲይዝ። አቶ ደምመላሽ ለመሳቅ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ሲስቁ ግን ከልባቸው ሳቁ፣ ሥራዬም ተረፈ።

እሳቸው ድስታቸውን ታቅፈው ከፊት፣ እኔ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከኋላ ዳገቱን ጀመርን። አሁን እንደ ወፍ እበራለሁ ብዬ ባዶውን ቦርሳ አዘልኩት፤ ለካ ያን ሁሉ መንገድ ካጎበጠኝ ሸክም ግማሹ ቦርሳው ራሱ ኖሯል።