«ማንም አይደለም» ያለው ሾፌር

አንድ ሾፌር ነበረ፤ ስሙን ንጋቱ እንበለው። ቆላ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ ይሠራል። ሥራው የታመመውን ሁሉ እየጫነ ደጋው ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ማድረስ ነው።

ታናሽ ወንድሙ ታፈረ መካኒክ ነው። ጋራዡም በዚያው መንገድ ላይ፣ ከተማው መግቢያ ዳገቱ ጋ ነው። ወንድማማቾቹ ግን አይነጋገሩም። ለምን አትሉኝም? በአባታቸው ቀብር ዕለት ታፈረ በሰው ፊት፣ «አባባ በሕይወት እያለ አንድ ቀን መጥተህ ጠይቀኸዋል?» አለው። ይኸው ነው። ቃሉ እውነት ስለነበረ አቃጠለው። ሐሰት ቢሆን ኖሮ በማግስቱ በረሳው!

ክረምት ነው። የንጋቱን መኪና ወንዝ ዳር ማጥ ያዛት። ሾፌሮች ታውቁታላችሁ፤ ፎር ዊል መኪና ሁለት የማርሽ ዘንግ አላት። አጭሯ ለጭቃና ለዳገት ናት። እሷን ስታስገቡ መኪናዋ ትበረታለች እንጂ አትሮጥም። አስገባት፤ መኪናዋም ወጣች። ዘንጓ ግን አልመለስ አለች። ገፋት፤ እምቢ። ሳባት፤ እምቢ። ከዚያ ወዲህ ሜዳውንም አስፋልቱንም እንደ ጭቃ ነው የሚሄደው። ሞተሯ ይጮኻል፤ ጎማዋ ያዘግማል።

ነርሷ ሲስተር አስናቀች፣ «ጋሽ ንጋቱ፣ ለታፈረ ያሳዩዋት እንጂ! እንዲህ ሆና ሰው ይጫንባታል?» አለችው።

«እሱ ደጅ ከምቆም ገፍቻት ብሄድ ይሻለኛል። ደግሞስ ትሄድ የለ?»

ትሄድ የለ! ስንቶቻችን ነን በዚህች ቃል የምንኖረው?

አንድ ጠዋት እምሩ የሚባል ገበሬ ሚስቱን ብዙነሽን በቃሬዛ አሸክሞ መጣ። የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። ምጡ ከዋዜማው ጀምሮ አልገፋ ብሏል። ሲስተር አስናቀች ሆዷን አዳመጠችና ፊቷ ተለወጠ። «የልጁ ልብ እየደከመ ነው። ቶሎ ድረሱ!»

ቶሎ! በዚያች መኪና ቶሎ ከየት ይመጣል?

ብዙነሽ ከኋላ ታቃስታለች። እምሩ ራሷን ደግፎ «አይዞሽ፣ ደረስን» ይላታል። አልደረሱም። ባጃጁ ሳይቀር እየቀደማቸው ያልፋል።

ዳገቱ ጋ ሲደርሱ ታፈረ የሞተሩን ጩኸት ከሩቅ ሰምቶ ወጣ። ምን እንደሆነች ገባው። መኪናዋ የምትወጣው በሰው ሩጫ ልክ ነውና ከጎኗ እየሮጠ በሩን ደበደበ።

«ወንድም ጋሼ! አቁም! ዘንጓ ዝጋ ተጣብቃ ነው! ከሥር ገብቼ ላላቃት፤ ወዲያው ነው!»

ንጋቱ አየው። ከቀብሩ ወዲህ «ወንድም ጋሼ» ሲለው የመጀመሪያው ነው። እግሩ ወደ ፍሬኑ ሄደ። ሄደና ቆመ። የዚያን ዕለት ቃል፣ የዚያን ዕለት እፍረት ጆሮው ላይ ጮኸበት። መስኮቱን ዘጋው።

«ማነው? ምን ይላል?» አለ እምሩ ከኋላ።

«ማንም አይደለም።»

ማንም አይደለም! የእናቱ ልጅ! ታፈረ ዳገቱ እስኪያልቅ ሮጠ፤ ከዚያ ትንፋሽ አጥሮት ወደ ኋላ ቀረ።

ሆስፒታል ደረሱ። እናቲቱ ተረፈች። ልጁ፣ ወንድ ልጅ ነበር፣ ሳይተነፍስ ወጣ። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን…» ብሎ ሳይጨርሰው ተወው። እምሩ ግን ምንም አያውቅምና የንጋቱን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ «እግዜር ይስጥህ ወንድሜ። አንተ የቻልከውን አድርገሃል» አለው።

ከዚህ የከበደ ቅጣት ታውቃላችሁ?

ንጋቱ መኪናዋን እያስጮኸ ጋራዡ ደጅ አቆመ። ታፈረም ጆንያ አንጥፎ ከሥር ገባ፤ ዝገቱን ፋቀ፣ ዘይት አጠጣ፣ በመዶሻ ቀስ እያለ መታ መታ አደረገና «በል ዘንጓን ግፋት» አለው። ገፋት። ተመለሰች።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።» ታፈረ ከመኪናዋ ሥር አልወጣም። «ሴትየዋ ደረሰች?»

«እሷ ደርሳለች።»

ታፈረ ገባው። እዚያው እንደተጋደመ አለቀሰ። «መኪናዋ ፊት መተኛት ነበረብኝ» አለ።

ታረቁ። አዎ፣ በዚያ ቀን ታረቁ። ልጁ ግን አልተነሣም። ንጋቱ በኋላ ቆላ ወርዶ ለእምሩ ሁሉንም ነገረው። እምሩ እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠውም።

ወገኖቼ፣ ይህን የነገርኳችሁ በንጋቱ እንድትፈርዱ አይደለም። ስናኮርፍ የምንቀጣው ያንን የበደለንን ሰው ይመስለናል። ከኋላችን የጫንነውን ግን ዞር ብለን አይተናል? አጎታቸውን የማያውቁ ልጆች አሉን። ሁለት ልጆቿን በአንድ ማዕድ ሳታይ የምታረጅ እናት አለችን። እነሱ ምን በደሉ?

ጌታ ዘግይቶ የመጣን ይቅርታ አይመልስም፤ ይህን አውቃለሁ፣ እሰብካለሁም። የመዘግየቱን ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው የሚከፍለው።

እኔ ያኮረፋችሁት ሰው ማን እንደሆነ አላውቅም። እናንተ ግን እየሰማችሁኝ ስሙ መጥቶባችኋል። ከዚህ ስትወጡ ደውሉለት። ለምሳ ሳትቀርቡ ደውሉለት።