ከመኪናዋ ሥር የገባው መካኒክ

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ሰው ሲመጣበት ከፊቱ በፊት እጁን የሚያይ። «ልጄን ለጎረቤታችን ለጥሩንጎ ትቼ ሥራ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ? ሰው በምን ይታመናል?» ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ? እንግዲያው ልጅሽን አቀፊና ስሚኝ።

የዚህ ገበሬ ቤት ጉብታው ላይ ነበር፤ የሽንኩርት ማሳው ደግሞ ታች ወንዙ ዳር። በመካከሉ ድሮ ወታደሮች የጠረጉት መንገድ አለ፤ ቁልቁለቱ ቀጥ ያለ፣ አንድ ጎኑ ገደል። የነጋዴ መኪና ጉብታው ላይ ይቆማል እንጂ አይወርድም። ገበሬው ሽንኩርቱን በአህያ ያመላልሳል። አህያ ስንት ትችላለች? ግማሹ ሳይወጣ ይበሰብሳል። በዚያ ዓመት ደግሞ ሽንኩርቱ ተነቅሎ ዳስ ውስጥ እንደተከመረ ሰማዩ ያለ ወሩ ይጠቁር ጀመር። ዝናብ ከመታው አለቀ። የዓመት ቀለቡም፣ የልጆቹ ልብስም እሱው ነው።

ከጓሮው አንዲት ኦራል ቆማ ነበር። አባቱ ከጦር ሰፈር በጨረታ የገዛት የወታደር መኪና ናት። አባትየው ከሞተ ጀምሮ አሥራ አራት ዓመት ማንም አልነካትም። ቅንጭብ በመስኮቷ ገብቶ በጣሪያዋ ወጥቷል፤ ዶሮ ከሾፌሩ ወንበር ላይ ታቅፋ ትፈለፍላለች፤ ጎማዎቿ መሬት ውስጥ ሰምጠዋል።

«እሷን ላስነሳት ነው» አለ ለሚስቱ።

«በምን? በጸሎት?» አለችው።

ከከተማ መካኒክ አመጣ። መካኒኩ አቀርቅሮ የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሲጠይቁት «እናያለን» ይላል፤ ሌላ አይጨምርም። ይህ ለገበሬው አልጣመውም። ንጹሕ ሰው ምን ዝም ያሰኘዋል? አለ በልቡ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሲባል እየሰማ ነው ያደገው። ስለዚህ ዱካ አመጣና ከአጠገቡ ተቀመጠ። ቡሎን ሲፈታ ያያል፣ ጆንያው ላይ ሲደረድር ያያል፣ መካኒኩ እጁን ወደ ኪሱ ከሰደደ አንገቱን ያሰግጋል።

መካኒኩ ውኃ ሊጠጣ ዘወር ሲል ገበሬው ሚስማር ይዞ ተነሣ። የተፈታውን ብረት አንድ ባንድ እያነሣ፣ በከብቶቹ ጆሮ ላይ የሚያደርገውን ምልክት ጫረበት፤ ሁለት ሰረዝ፣ ከሥሩ አንድ።

ሚስቱ ደረሰችበት። «ምን እያደረግህ ነው?»

«ቢለውጥብኝ በምን አውቃለሁ?»

«እንግዲያ እንደ ከብቶቹ ጨውም አልሰው፤ እንዳይጠፋብህ!» ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

በአምስተኛው ቀን ሞተሩ ተነሣ። ጭሱ ግቢውን ሞላው፣ ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ጠፉ፣ ጎረቤት እልል አለ። ገበሬው ግን ደስታው ግማሽ ነው። መካኒኩ ደግሞ አንድ ነገር በጨርቅ ጠቅልሎ በብብቱ ሲይዝ አየው።

«ወዴት ነው?»

«ከተማ።»

«የያዝከው ምንድን ነው?»

«የፍሬኑ ፓምፕ።»

«ምን ሆነ ደሞ?»

«እናያለን።»

ሁለት ቀን ቆይቶ ተመለሰ። ሰማዩ ከወዲያ ማዶ ያጉረመርማል። ገበሬው ሰላም እንኳ ሳይለው ጨርቁን ከእጁ ነጥቆ ፈታው። ፓምፑ ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል። አገላበጠው፣ በአውራ ጣቱ አሸው፤ ምልክቱ የለም።

«ይሄ የኔ አይደለም!»

«አይደለም። ያንተው ውስጡ ተበልቷል። ይሄ ከሌላ መኪና የወጣ ነው።»

«የኔስ የት ገባ?»

«እሱን ሰጥቼ ነው ይሄን ያመጣሁት።»

«ማን ፈቀደልህ? ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ስንከራከር ዝናቡ ይመጣል ብዬ ነው። ጥፋቴ ነው፣ መናገር ነበረብኝ።»

«የወደቀ ብረት ቀብተህ አመጣህልኝ! ይኸው ቀለሙ እንኳ ገና ይሸታል!»

«ይሸታል» አለና መካኒኩ ፓምፑን ተቀብሎ ወደ ሥራው ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ለገበሬው እህል አልወረደለትም። መኪናዋ ጭነቷን ልትቀበል ስትወርድ፣ ቁልቁለቱ መሐል ላይ ፍሬኗ ሲከዳት፣ ልጆቹ ከላይ እንደተቀመጡ ገደል ስትገባ ይታየዋል። «ይህ ሰው ሊጨርሰን ነው» አላት ሚስቱን። «እኛ ስንቀበር እሱ ከተማው ውስጥ ነው።» ሚስቱ ያን ቀን አልቀለደችም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መካኒኩ መኪናዋን ነዳና ከቁልቁለቱ አፍ ላይ፣ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጎ አቆማት። የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደና ከጎማዎቿ ፊት ድንጋይ ታኮ አደረገ። ከዚያ ገበሬውን ጠራው።

«ጋሼ፣ ና ግባ። ፍሬኑን ርገጥልኝ።»

«እኔን? ወደ ገደል ልትሰደኝ?»

«የትም አትሄድም። ርገጥና፣ በቃ እስክልህ እንዳትለቅ።»

ገበሬው ገባ፤ ግን በሩን አልዘጋም። አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አደረገ፣ ነገር ከመጣ ሊዘል። በሌላው ረገጠ። መካኒኩ የእጅ ፍሬኑን ለቆ ታኮዎቹን በመዶሻ እየመታ አወጣና ወደ ቁጥቋጦው ወረወራቸው። መኪናዋ ነቅነቅ አለች፤ የገበሬውም ልብ አብሮ። ቆመች።

ከዚያ መካኒኩ ጆንያ አምጥቶ ከፊት ጎማዎቿ ፊት አነጠፈ። በጀርባው ተኛና ተንሸራቶ ከሥር ገባ። ገበሬው ጎንበስ ብሎ በበሩ ቢያይ ሁለት ጫማ ብቻ ቀርቷል።

«ምን ልትሆን ነው አንተ ሰው?»

«የፍሬን ዘይት ታንጠባጥብ እንደሆን ልይ። አጥብቀህ ርገጥ!»

ያን ጊዜ ነገሩ ለገበሬው ገባው። በዚያ ሁሉ ብረትና በሰውየው ደረት መካከል ያለው ያ ቀለሙ የሚሸት ፓምፕ ነው። ፓምፑ የውሸት ከሆነ መጀመሪያ የሚደቀው የራሱ የመካኒኩ አጥንት ነው። የወደቀ ብረት ቀብቶ ያመጣ ሰው ከሥሩ አይተኛም!

መወጣጫው ላይ የነበረውን እግሩን ሰብስቦ አስገባ። በሩን ዘጋ። በሁለት እግሩ ረገጠ። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ፤ እጁ ግን መሪውን ይዟልና አልጠረገውም።

«በርታ ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ!»

«አለሁ! አለሁልህ!» አለ ገበሬው። ለዚያ ሰው ያለ ጥርጣሬ የመለሰው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

መካኒኩ አቧራውን እያራገፈ ወጣ። «ጠብ አይልም። በቃ፣ ልቀቅ።»

«አልለቅም! መጀመሪያ ታኮ አድርግ!» አለው።

መካኒኩ ያን ቀን ሳቀ። የወረወራቸውን ድንጋዮች ፍለጋ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ።

ከቀትር በኋላ መኪናዋ ሦስት ጊዜ ወረደች፣ ሦስት ጊዜ ወጣች። የመጨረሻው ሽንኩርት ቤት ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው።

እንግዲህ ልጄ፣ አንቺም ገበሬውን ሆነሻል። ልጅሽን ለሙከራ እያስያዝሻት ስንት ቀን የጥሩንጎን እጅ ስታዪ ሰነበትሽ። ወተቱ የት እንደደረሰ ጡጦው ላይ በጥፍርሽ ጭረሻል፣ አይቼዋለሁ። ነውር ነው አልልሽም፤ እናት ካልጠረጠረች ማን ይጠርጥር? ግን እጅ ብዙ አይናገርም። የራሷን የት እንደምታስቀምጥ እዪ። ትንሹ ልጇ ካንቺ ልጅ ጋር ባንድ ምንጣፍ ይተኛል? ካንድ ጣሳ ይጠጣሉ? ላንቺው የቀዘቀዘውን፣ ለራሷ ትኩሱን የምታደርግ ከሆነች አትስጫት። የሷም ከዚያው ከበላ ግን ስጫት።

ስትሰጫት ደግሞ እግርሽን አታንሺ። ገበሬው ሰውየውን ካመነው በኋላ ነው በሁለት እግሩ የረገጠው። ነገ ሥራሽን ግቢ፤ በምሳ ሰዓትሽ ብቅ እያልሽ እያት። ይከፋታል ብለሽ አትፍሪ። ከሥር የተኛ ሰው የሚያርፈው፣ ከላይ ያለው እንዳልለቀቀ ሲያውቅ ነው።