ሰማያዊቷ ውሃዋን የት አደረገችው?

ተረት ተረት፤ ዳገት ውጪ ሲሏት ቁልቁለት የሚያምራት።

ኮምቦልቻ ውስጥ ጋሽ ተበጀ የሚባሉ ሰው ነበሩ። እሳቸው ተበጀ ይባሉ እንጂ መኪናቸው አልበጅ ያለች ነበረች። ስሟ ሰማያዊቷ ነው። ሰማያዊነቷ ግን ድሮ ቀርቷል፤ አሁን ታጥቦ ታጥቦ ቀለሙን የለቀቀ የተማሪ ዩኒፎርም ትመስላለች። ሠላሳ ዓመት ታክሲ ሆና ቤተሰቡን ያበላችው እሷ ናት፤ ስለዚህ ጋሽ ተበጀ ሥራ በቃኝ ብለው ቤት ሲቀመጡ ለሌላ ሰው አሳልፈው መስጠት አልሆነላቸውም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድያ ልጃቸውን ብሩክታዊትን ከተወለደችበት ሆስፒታል በብርድ ልብስ ጠቅልለው ቤት ያስገቧት በሰማያዊቷ ነው።

አሁን ግንቦት ገባ፤ ብሩክታዊት እሁድ ልታገባ ነው። ሙሽራው የደሴ ልጅ፣ ሰርጉም ደሴ። የወንዱ ወገኖች አንዲት ነጭ መኪና አዘጋጅተዋል፤ የምታብረቀርቅ፣ ስትሄድ ድምፅ የማይሰማባት። ልጅቷ ስለ ነጯ መኪና አመሰገነችና አንዲት ትንሽ ነገር ለመነች። "ወደዚህ ቤት የገባሁት በሰማያዊቷ ነው፤ የምወጣውም በሰማያዊቷ ነው። አባዬ፣ አንተ ትነዳለህ፤ ሙሽራውም ከፈለገ ከጎኔ ይቀመጣል" አለች። ጋሽ ተበጀ እሺ አሉ፤ እንዲህ ያለ ክብር ይደርሰኛል ብለው አስበው አያውቁም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሊሞክሯት ዳገቱን ጀመሩ። ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል፤ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ አያልቅም። ሰማያዊቷ ግማሹን ሄደች። ከዚያ የሙቀት መለኪያው ቀዩ ውስጥ ገባ፣ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ተትጎለጎለ፣ ቆመች። ሰማያዊቷ ዳገት አልወጣም አለች፤ ሙሽራዋ ያለ ሰማያዊቷ አልሄድም አለች። ጋሽ ተበጀ በሁለቱ መሃል ቆመው ራሳቸውን አከኩ።

እስክትበርድ ጠብቀው፣ ውሃ ሞልተው፣ ቁልቁል መልሰው እንድሪስ ጋራዥ አደረሷት። እንድሪስ የቤት ጎረቤታቸው ነው፤ ሃያ ዓመት ሰማያዊቷን ያከማት እሱ ነው። መኪና ሲያክም ከመኪናዋ ጋር ያወራል፤ መኪና አይመልስም የሚል ሰው ጋራዥ ውሎ አያውቅም። ምን ሆነሽ ነው ቢላት ውሃ ጠማኝ፣ ራዲያተሩን ጠይቀው አለችው። ራዲያተሩን ከፈተው፤ ጠዋት የተሞላው ውሃ የለም። ራዲያተሩ ውሃ አልይዝም አለ፤ ሰማያዊቷ ዳገት አልወጣም አለች፤ ሙሽራዋ ያለ ሰማያዊቷ አልሄድም አለች።

እንድሪስ ራዲያተሩን ከላይ እስከ ታች በጨርቅ ጠረገው፤ ቀዳዳ የለውም። ራዲያተሩ ተቆጥቶ፣ እኔ ላይ ምን ታፈጣለህ፣ ውሃውን ተቀብሎ የሚወስደውን ወፍራሙን ጎማ ጠይቀው አለ። ያንን ጎማ ጋራዥ ውስጥ ማኒኮቶ ይሉታል። እንድሪስ ማኒኮቶውን ጨመቀው፣ አጣመመው፣ ጉንጩን አስጠግቶ አዳመጠው፤ አንድ ስንጥቅ አልተገኘበትም። ማኒኮቶው አላፈስም አለ፤ ራዲያተሩ ውሃ አልይዝም አለ፤ ሰማያዊቷ ዳገት አልወጣም አለች፤ ሙሽራዋ ያለ ሰማያዊቷ አልሄድም አለች።

ማኒኮቶው ደግሞ ውሃውን የሚያዞረውን ፖምፓ ጠይቁ አለ። እንድሪስ በጀርባው ተኝቶ መኪናዋ ሥር ገባና የፖምፓውን ሆድ ዳሰሰ፤ እጁ ደርቆ ገባ፣ ደርቆ ወጣ። ባያምነው ንጹሕ ካርቶን ከሥሯ አነጠፈና ሞተሩን አስነሥቶ ምሳውን በልቶ መጣ። ካርቶኑ ላይ አንዲት ጠብታ እንኳ የለችም። ፖምፓው አላንጠባጥብም አለ፤ ማኒኮቶው አላፈስም አለ፤ ራዲያተሩ ውሃ አልይዝም አለ፤ ሰማያዊቷ ዳገት አልወጣም አለች፤ ሙሽራዋ ያለ ሰማያዊቷ አልሄድም አለች። ውሃው ይጠፋል፤ የጠፋበት ቦታ ግን አይታይም።

ዓርብ ፖምፓው ቴስታታውን ጠይቁ አለ፤ የሞተሩ ራስ ማለት ነው። እንድሪስ ስሙን ሲያነሳ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ቴስታታ ከታመመ ጥገናው እሁድን ያሳልፋልና። ጋሽ ተበጀ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ፖምፓው የጠቆመው ሌላ በሆነ ብለው በልባቸው ጸለዩ። እንድሪስ ዘይቱን አየ፤ ውሃ ገብቶበት ወተት አልመሰለም። ጭሱን አየ፤ አልነጣም። ቴስታታው ደረቱን ነፍቶ፣ ውሃ በእኔ በኩል አላሳልፍም አለ፤ ፖምፓው አላንጠባጥብም አለ፤ ማኒኮቶው አላፈስም አለ፤ ራዲያተሩ ውሃ አልይዝም አለ፤ ሰማያዊቷ ዳገት አልወጣም አለች፤ ሙሽራዋ ያለ ሰማያዊቷ አልሄድም አለች። ጋሽ ተበጀ ደስ ይበላቸው ወይ ይዘኑ ግራ ገባቸው።

ውጭውን ጨረስን፣ እስቲ ውስጡን ብሎ እንድሪስ በሾፌሩ በር ጎንበስ ሲል ዓይኑ ከሾፌሩ ጎን ባለው የፊት ወንበር ሥር ያለው ምንጣፍ ላይ ወደቀ። ምንጣፉ ርጥብ ነው። ርጥብ መሆኑ ግን አዲስ ወሬ አይደለም፤ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። የጋሽ ተበጀ ባለቤት እትዬ ዝናሽ በመስከረም ከግሸን ጸበል በቢጫ ጀሪካን አምጥተው፣ ሰማያዊቷን በመንገዷ ይጠብቃት ብለው እዚያው ምንጣፍ ላይ አስቀምጠውታል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ምንጣፉ ደርቆ አያውቅም፤ ጸበሉ እየፈሰሰ ነው ተባለ። እትዬ ዝናሽ በጫማ እንዳይረገጥ፣ በጨርቅ እንዳይወለወል አዘዙ። ጋሽ ተበጀም ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍተው፣ ጣታቸውን ምንጣፉ ላይ ነክረው ግንባራቸውን ያማትባሉ። እንድሪስ ሙስሊም ነው፤ የጎረቤቶቹን ጸበል እንዳይደፍር ብሎ ስምንት ወር ሙሉ በዚያ በኩል ያለውን በር ከፍቶ አያውቅም። አሁንም እጁን ሰበሰበ።

ምንጣፉ አልነሳም አለ፤ ቴስታታው አላሳልፍም አለ፤ ፖምፓው አላንጠባጥብም አለ፤ ማኒኮቶው አላፈስም አለ፤ ራዲያተሩ ውሃ አልይዝም አለ፤ ሰማያዊቷ ዳገት አልወጣም አለች፤ ሙሽራዋ ያለ ሰማያዊቷ አልሄድም አለች።

ቅዳሜ ጠዋት እንድሪስ መፍቻውን አስቀመጠ። ጋሽ ተበጀ ቤት ሄዱና ለልጃቸው በነጯ መኪና ሂጂ ሊሏት አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሉ ግን አልወጣ አላቸው። ብሩክታዊት ፊታቸውን አይታ ገባት። ሂና የተቀባ እጇን አገላብጣ ማየት ጀመረች። ያ ጋሽ ተበጀን ከዳገቱ ሁሉ በላይ ከበዳቸው።

እትዬ ዝናሽ ግን ዝም ብለው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። ነጠላቸውን አጣፍተው ጋራዡ ገቡና፣ መካኒኩ ካቃተው እኔ በጸበል እረጫታለሁ አሉ። ስምንት ወር ሲፈስ የከረመ ስለሆነ ከሥሩ እንጥፍጣፊ ብትገኝ ብለው በሾፌሩ በር ተንጠራርተው ጀሪካኑን በአንድ እጃቸው ብድግ ሊያደርጉት ሞከሩ። ጀሪካኑ ንቅንቅ አላለም። በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ወገባቸውን ሊቆርጣቸው ደረሰ። ክዳኑን ከፈቱ፤ እስከ አፉ ሙሉ ነው፤ ከግሸን እንደመጣ።

እትዬ ዝናሽ ጀሪካኑን አዩ፣ ምንጣፉን አዩ፣ ባላቸውን አዩ። "ተበጀ፣ ጸበሉ ጠብታም አልጎደለም። ታዲያ ይሄ የማን ውሃ ነው?" አሉ።

 እንድሪስ በምንጣፉ በኩል ያለውን የፊት በር ከፈተ፤ ስምንት ወር ያልከፈተውን በር። ጀሪካኑ ሙሉ ቢሆን ምንጣፉ ተነሳ። ምንጣፉ ቢነሳ ከሥሩ ኩሬ ታየ። ኩሬው ቢታይ እንድሪስ ጠብታውን ተከትሎ ሽቅብ ወጣ፤ ከዳሽቦርዱ ጀርባ ሰው ሁሉ የረሳት አንዲት ነገር ተገኘች። ማሞቂያዋ ናት። ሰማያዊቷ የተሠራችው ብርድ አገር ላለ ሰው ነውና የሞተሩ ትኩስ ውሃ የሚዞርባት የራሷ ትንሽዬ ራዲያተር ያላት ማሞቂያ ተሰጥቷት ነበር። ኮምቦልቻ ደግሞ ሞቃት ናት፣ ማሞቂያ የሚፈልግ የለም፤ መክፈቻዋ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጋሽ ተበጀ መነጽር ማንጠልጠያ ሆኖ ኖሯል። ያቺ ትንሽ ራዲያተር በዝምታ ዝጋ ተበስታ፣ የሞተሩን ውሃ ምንጣፍ ላይ ስታንጠባጥብ ከርማለች።

"ስምንት ወር ሙሉ በራዲያተር ውሃ ስታማትብ ነበር" አሉ እትዬ ዝናሽ፣ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው።

"ራስ ምታቴስ ለቆኝ የለ" አሉ ጋሽ ተበጀ። እንድሪስ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። እንድሪስ ወደ ማሞቂያዋ የሚገባውንና የሚወጣውን ሁለት ቀጫጭን ጎማ ነቅሎ በአንዲት አጭር ቧንቧ እርስ በርስ አገናኛቸው፤ ውሃው ማሞቂያዋን ዘሎ ወደ ሞተሩ ይመለስ ጀመር። ማሞቂያዋ ብትዘለል ማፍሰሱ ቆመ፤ ማፍሰሱ ቢቆም ቴስታታው ከሐሜት ዳነ፤ ቴስታታው ቢድን ፖምፓው ውሃውን አዞረ፤ ፖምፓው ቢያዞር ማኒኮቶው ተቀበለ፤ ማኒኮቶው ቢቀበል ራዲያተሩ ውሃ ያዘ፤ ራዲያተሩ ውሃ ቢይዝ፣ እሁድ ረፋድ ላይ፣ ሰማያዊቷ ዳገቱን ተያያዘችው።

ጋሽ ተበጀ ይነዳሉ። ከጎናቸው እንድሪስ ተቀምጦ ቢጫውን ጀሪካን ጭኑ ላይ አቅፏል፤ እትዬ ዝናሽ ከአንተ የሚታመን የለም ብለው ያስታቀፉት ናቸው። ከኋላ ሙሽራዋና ሙሽራው አሉ። እትዬ ዝናሽ ራሳቸው በነጯ መኪና ተንፈላሰው ይከተላሉ። ባለፈው የቆሙበት ኩርባ ደረሰ፤ አለፉት። መለኪያው ከመሃል ፈቀቅ አላለም። ሰማያዊቷ እያጓራች፣ ጥሩንባዋን እያሰማች ዳገቱ አናት ላይ ወጣች።

እዚያ ላይ ጋሽ ተበጀ ለአፍታ ጥግ አስያዟት። ጎንበስ ብለው እንድሪስ እግር ሥር ያለውን ምንጣፍ በጣታቸው ዳሰሱ። ደረቅ ነው። ጣታቸው እንደ ልማዱ ወደ ግንባራቸው ሄደና አማተቡ፤ ደስታቸው ከአቅማቸው በላይ ሆኖ መሪውን እንደያዙ ቀሩ። ብሩክታዊት ከኋላ ተንጠራርታ በነጭ ጓንቷ ጉንጫቸውን ነካች፤ ጓንቱ ረጠበ።

"አባዬ፣ አሁንም የሚያፈስ ነገር አለ" አለች።

እንድሪስ ጀሪካኑን እንዳቀፈ ዞር ብሎ አያቸው። "እሱን ተይው" አላት፤ "እሱ አይደፈንም።"

ተረቴን መልሱ፣ እጄን ከግራሶ አብሱ።