ፍሪሲዮኑ አልይዝ ያለ ዕለት

ጆሮ ያለው ይጠጋ፤ ተረቱ ሞተር ሳይክል ላይ ተቀምጦ እየመጣ ነው።

ሲራክ የሚባል ሰው ነበረ። ሚስቱ ለሥራ ወደ ሰሜን ታይላንድ ብትዛወር ተከትሏት ሄደ፤ ታይኛ ግን እሱን አልተከተለውም። የፈለገው አንድ ትንሽ ነገር ነው፦ ልጁ ምንታምር ዳገቱ ላይ ባለው ትምህርት ቤት ስትጨፍር ማየት። ባለፈው ቀርቶባታል። ጠዋት ስትወጣ፣ «አባዬ፣ ዛሬም ትቀራለህ?» አለችው። «ዛሬስ ብሞት አልቀርም» አላት።

ሞተር ሳይክሉን እየነዳ ዳገቱ ሥር ሲደርስ ነዳጅ ሰጠ። ሞተሩ ጮኸ፣ ጎማው ግን አልዞር አለ። «ጎማዬ፣ ዙርልኝ» ብሎ ለመነው። «ሰንሰለቱ ሳይጎትተኝ በምኔ ልዙር?» አለ ጎማው።

ጎማው አልዞር ቢለው ሰንሰለቱን ለመነ። «ፍሪሲዮኑ የሞተሩን ጉልበት ካላቀበለኝ በምን ልጎትት?» አለ ሰንሰለቱ።

ጎማው አልዞር አለ፣ ሰንሰለቱ አልጎትት አለ። ሲራክ ፍሪሲዮኑን ለመነ። «የሚያውቅ ሰው ካላየኝ አልይዝም» አለ ፍሪሲዮኑ። አኩርፏል። ሲራክ ትናንት የላላ መስሎት ገመዱን ከልክ በላይ አጥብቆበታል፤ ነገር መነካካት ይወዳል።

ጎማው አልዞር አለ፣ ሰንሰለቱ አልጎትት አለ፣ ፍሪሲዮኑ አልይዝ አለ። ሲራክ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ፕራሰርት የሚባል መካኒክ ዘንድ ደረሰ። ፕራሰርት አስነሳው፤ ሞተሩ እንደ ደህና ሞተር ጮኸ። መካኒኩ ፈገግ ብሎ አውራ ጣቱን አሳየው። «ወንድሜ፣ ሞተሩ አይደለም፣ ፍሪሲዮኑ ነው!» አለ ሲራክ ጮክ ብሎ፤ አማርኛ ሲጮኽ ታይኛ የሚሆን ይመስል። ታይኛ የምትችለው ምንታምር ናት፤ እሷ ደግሞ ዳገቱ ላይ ናት።

ጎማው አልዞር አለ፣ ሰንሰለቱ አልጎትት አለ፣ ፍሪሲዮኑ አልይዝ አለ፣ መካኒኩ አልገባኝም አለ። ሲራክ እጆቹን ለመነ። ፍሪሲዮን ማለት እርስ በርስ የሚጣበቁ ዲስኮች ናቸው ለማለት፣ ሁለት መዳፎቹን ደረቱ ላይ አጣበቀ። እዚያ አገር ይህ ሰላምታ ነው። ፕራሰርት መዳፎቹን አጣብቆ ጎንበስ አለ። የፕራሰርት ሚስት ማሊም ከውስጥ ወጥታ ጎንበስ አለች። ሲራክ ደግሞ ሰላምታ ሳይመልስ መቅረትን ነውር እያሉ ያሳደጉት ነውና፣ እሱም ጎንበስ አለ። እነሱም መለሱ። እሱም መለሰ። ሰዓቱ ይሄዳል።

ጎማው አልዞር አለ፣ ሰንሰለቱ አልጎትት አለ፣ ፍሪሲዮኑ አልይዝ አለ፣ መካኒኩ አልገባኝም አለ፣ እጆቹም ሰላምታ እንጂ ሌላ አልናገር አሉ። ሲራክ ቸገረው። ጋራዡ ውስጥ ከተቀመጠው የተቃጠለ ዘይት ጨልፎ መዳፉን ቀባ፣ የፕራሰርትን መዳፍ ይዞ ከራሱ ጋር አጣበቀ፣ በአፉ እንደ ሞተር እያጓራ ገፋ። የሱ እጅ ተንሸራቶ ሽው ብሎ አለፈ፤ የፕራሰርት እጅ እዚያው ቀረ።

ፕራሰርት እጁን አየ፣ ሞተሩን አየ፣ ሳቀ። ለማሊ አንድ ነገር ቢነግራት እሷም ሳቀችና መፍቻ አቀበለችው።

መፍቻው ገመዱን አላላ። ገመዱ ቢላላ ፍሪሲዮኑ ያዘ፣ ፍሪሲዮኑ ቢይዝ ሰንሰለቱ ጎተተ፣ ሰንሰለቱ ቢጎትት ጎማው ዞረ፣ ጎማው ቢዞር ዳገቱ አሳለፈ። ሲራክ ሲደርስ አዳራሹ ጢም ብሏል። ሰዓቱ ካለፈ ቆይቷል፤ አልቋል ብሎ ተስፋ ቆረጠ።

ግን ጭፈራው አልጀመረም። ከበሮው ልጆቹ ካልተሰለፉ አልመታም ብሎ፣ ልጆቹ ምንታምር ካልመጣች አንሰለፍም ብለው፣ ምንታምር አባቴ ካልገባ አልወጣም ብላ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጣለች። አንገቷን ብቅ አድርጋ አየችው። ከዚያ ቀሚሷን አራግፋ ተነሣችና ለመምህሯ፣ «አሁን ይመታ» አለች።